ቤት ያፈራውን ለብርድ ወራት



ብርድ በአገራችን በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። አንደኛው ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ባለው ክረምት ከዝናብና ከጭቃ ጋር የሚመጣው ነው፤ ሁለተኛውም ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ውርጭ ሲሆን የሚሰማው የበጋ ብርድ ነው። በሁለቱም ወራት ልጆች ከምግብ እስከ ምግብ ባለው ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይርባቸዋል፤ እንግዳም ገብቶ በእሳት ዳር ሲቀመጥ ከትኩሱ ቡና ጋር የሚቀርብለትን ቍርስ ይጠብቃል። ስለዚህ የእመቤት ባልትና ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው በብርድ ወራት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ይሁን እንጂ ስለ ቡና ቍርስ በሚነገርበት ጊዜ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ጣዕሙ ብቻ ነው፤ ስለሚነደው እንጨትና ስለሚወጣው ጢስ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናስረዳ የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ይኸውም አስተዋይ የሆነች የቤት እመቤት ደረቅ እንጨት ባለበት ቀን እሳቷን አንድ ጊዜ በደንብ አንድዳ የብዙ ቀን ቍርስ ጋግራ ብታስቀምጥ፥ ቤተ ሰቧ ይጠግባል፥ ማገዶዋም ይተርፋል፥ የእርሷም ዐይንና ሳምባ ከጢስ ያርፋል የሚል ነው።

ነገሩ ግልጥ ይሆን ዘንድ የእንሴኖን አገር ምሳሌ አድርገን እንውሰድ። እንሴኖ በጉራጌ አገር ከቡታጅራ አቅራቢያ በመስቃን ምድር የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። በስተ ምዕራብ በኩል የጉራጌ ተራሮች ይታያሉ፤ በአካባቢዋም በቆሎና በርበሬ ይመረታል፤ በየጓሮውም እንሰት ይተከላል። እንግዲህ በዚህ አገር ያለች እመቤት ለብርድ ወራት የሚሆነውን ነገር ከሩቅ መፈለግ አያስፈልጋትም፤ አብዛኛው በጓሮዋና በጎተራዋ ይገኛልና።

በጉራጌ ቤት የመጀመሪያው ስንቅ ቆጮ መሆኑ የታወቀ ነው። እንሰቱ ተፍቆ፥ በኮባ ቅጠል በተለበጠ ጕድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ብዙ ወራት ይቆያል፤ ሲፈለግም ወጥቶ ተጨምቆ፥ ተከትፎና ተነፍቶ፥ በኮባ ተጠቅልሎ በምጣድ ላይ ይጋገራል። ይህም ውሳ የተባለው ቂጣ ነው። በኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ በእንሰት እንደሚመገብ ሊቃውንት ይገምታሉ። ነገር ግን ውሳ ትኩሱን ሲበሉት ያማረ ሲሆን ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ስለዚህም በየጊዜው እሳት ይፈልጋል። ደግሞም ቆጮ ጕልበት ሰጪ ቢሆን እንኳ ሰውነት የሚገነባው ፕሮቲን የተባለው ንጥረ ነገር በጣም ያንሰዋል። የአገሩ ሰው ከአይብ፥ ከጎመንና ከክትፎ ጋር አድርጎ መብላቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ በምግብና በምግብ መካከል ለልጆች የሚሰጠው ቍርስ ይህን ጉድለት የሚሞላ፥ እሳትንም በየሰዓቱ የማይጠይቅ ሊሆን ይገባል።

ስለ ጢስ

በክረምት እንጨቱ ይርሳል፤ ኩበቱም አይደርቅም። እርጥብ እንጨት ከመንደዱ በፊት ውስጡ ያለውን ውሃ ማፍላት ግድ ስለሚሆንበት ሙቀቱ ይባክናል፤ ነበልባሉ ያንሳል፤ ጢሱም ይበዛል። በዚያም ላይ ብርድ እንዳይገባ ተብሎ በርና መስኮት ስለሚዘጋ ጢሱ በቤት ውስጥ ይታፈናል። በጀርባዋ ልጅ አዝላ በምጣድ ዳር የምትቀመጥ እናት ይህንን ሁሉ ከልጇ ጋር ትተነፍሳለች።

ይህ በግምት ብቻ የሚነገር አይደለም። በቡታጅራ ገጠር የአገራችን ሊቃውንት ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እንጨትና ኩበት በሚነድባቸው ቤቶች ውስጥ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ለክተው ነበር። በ2009 እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በታተመው ጥናታቸው የጋዙ መጠን የዓለም ጤና ድርጅት በዚያን ጊዜ ወስኖት ከነበረው ልክ አልፎ ተገኝቷል። የማገዶ ጢስ በሕፃናት ላይ የሳምባ ምች እንዲበዛ የሚያደርግ መሆኑም ዛሬ በዓለም ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው።

ከዚህ ላይ ለክቡራን የቤት ጌቶች አንድ ቃል ማሳሰብ ይገባናል። መጋገር የእመቤት ሥራ ነው ተብሎ ቢለመድም፥ ማገዶውን ከሰኔ አስቀድሞ አስፈልጦ ዝናብ በማይደርስበት መጠለያ ማስከመር፥ ለማጀቱም የጢስ መውጫ ማስከፈት የጌታው ፈንታ ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል፤ ስለ ማገዶ ግን በቅርቡ የሚለው ብቻ ይያዝ፤ እርጥቡ አይበጅምና።

እንግዲህ አንድ ቀን ተጋግሮ ብዙ ቀን የሚበላውን ነገር በተራ እንገልጣለን።

1ኛ፤ ዳቦ ቆሎ

ዳቦ ቆሎ የአገራችን ብስኩት ነው። ደረቅ ስለ ሆነ አይሻግትም፤ ትንሽ ስለ ሆነ በኪስም በአገልግልም ይያዛል። መኪናና ባቡር ባልነበረበት ዘመን መንገደኛና ወታደር የሚጓዘው እንደ በሶና እንደ ዳቦ ቆሎ ያለውን ደረቅ ስንቅ ተማምኖ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ለዘመተው ሠራዊት ስንቁን ያዘጋጁት የየቤቱ እመቤቶች እጆች መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። 750 ግራም የስንዴ ዱቄትና 250 ግራም የሽምብራ ዱቄት አንድ ላይ ይነፋል። ሽምብራው የሚገባው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በስንዴ ፕሮቲን ውስጥ የሚጎድለውን ክፍል ጥራጥሬ ስለሚሞላው ነው። ከዚያ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፥ 4 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፥ 1 የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ኮረሪማ ይጨመርበታል። ለዐዋቂዎች የሚሆን እንደ ሆነ በስኳሩ ፈንታ 1 የሾርባ ማንኪያ የመስቃን ወይም የማረቆ በርበሬ ቢገባበት ለብርድ ቀን እጅግ የተስማማ ይሆናል። ቀጥሎም 100 ግራም ያህል ለጋ ቅቤ ወይም ዘይት ተጨምሮ በእጅ ይታሻል፤ በመጨረሻም ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየፈሰሰ ይለወሳል። ሊጡ ጠንከር ያለና በእጅ ላይ የማይጣበቅ ሲሆን በጨርቅ ተሸፍኖ 20 ደቂቃ ያርፋል።

ካረፈ በኋላ ከትንሽ ጣት በሚቀጥን ልክ እንደ ገመድ እየተድቦለቦለ በቢላዋ ወይም በመቀስ በሽምብራ መጠን ይቈራረጣል። ይህን ሥራ ልጆች ይወዱታልና እጃቸውን አስታጥቦ ማሠራት መልካም ነው። ምጣዱ በለስላሳ እሳት ከሞቀ በኋላ ቍርጥራጩ ሳይደራረብ ይፈስበታል፤ ሳይቋረጥም ይታመሳል። እሳቱ ቢበረታ ውጪው ያርና ውስጡ ሊጥ ሆኖ ይቀራል፤ እንዲህ ያለው ዳቦ ቆሎም በጥቂት ቀን ውስጥ ይሻግታል። መብሰሉ የሚታወቀው በቀለሙ ብቻ አይደለም፤ አንዱን አንሥቶ ሰብሮ ውስጡ ደርቆ እንደ ሆነ መመልከት ያስፈልጋል።

ከምጣድ እንደ ወጣ ወደ ዕቃ መክተት ፈጽሞ አይገባም። ገና ትኩስ ሳለ ቢከደን እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ ይሆንና ያረጥበዋል። በሰፌድ ላይ ተበትኖ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ ወይም ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ቢቀመጥ ግን ለብዙ ሳምንት ይቆያል።

2ኛ፤ ሁለት ጊዜ የበሰለ ዳቦ

ብስኩት የሚለው ቃል ከጣልያን ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ሁለት ጊዜ የበሰለ ማለት ነው። ምስጢሩም በስሙ ውስጥ ይገኛል፤ በመጀመሪያው እሳት ዳቦው ይበስላል፥ በሁለተኛው እሳት ውሃው ይወጣለታል፤ ውሃ ከሌለውም ሻጋታ አያበቅልም።

ስለዚህ ድፎ ዳቦ በተጋገረ ማግስት የተረፈው እስኪሻግት መጠበቅ አይገባም። በስሱ ተቈርሶ፥ ሌላ ምግብ ከተሠራበት በኋላ ገና ሙቀቱ ባልወጣ ምጣድ ላይ ተዘርግቶ፥ እየተገላበጠ ይደርቃል። ለዚህ አዲስ ማገዶ አያስፈልግም። ጠዋት ጠዋት በወተት ወይም በሻይ እየተነከረ ለልጆችና ለሽማግሎች ሲሰጥ ከሱቅ ከሚገዛው ብስኩት በምንም አያንስም።

3ኛ፤ ሙልሙል

በክረምቱ እኩሌታ፥ ነሐሴ 13 ቀን፥ የቡሄ በዓል በሚውልበት ጊዜ ሆያ ሆዬ ለሚጨፍሩት ልጆች የሚሰጠው ሙልሙል ዳቦ ታናሽ ሆኖ የተሠራው ለየልጁ እንዲዳረስ ነው። ነገር ግን ታናሽነቱ ለማገዶም ይበጃል። ትልቅ ድፎ እስከ ውስጡ እንዲበስል ከላይ እሳት ከታች እሳት ሆኖ ብዙ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሙልሙል ግን ሙቀቱ ወደ መካከሉ ቶሎ ስለሚደርስ ፈጥኖ ይበስላል። ስለዚህ ሙልሙልን በዓመት አንድ ቀን ብቻ መጋገር ይቅርና በብርድ ወራት ሁሉ ልማድ ማድረግ ይገባል።

ለ1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት 600 ግራም ያህል ለብ ያለ ውሃ፥ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፥ 1 የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድና በቂ እርሾ ይበቃል። በሚገባ ታሽቶ ከቦካ በኋላ 16 ቦታ ቢከፈል እያንዳንዱ 100 ግራም ያህል ይሆናል። በብርድ ቀን ሊጥ የሚዘገየው እርሾው ስለ ሞተ አይደለም፤ ቅዝቃዜ ሥራውን ስለሚያዘገየው ነው። ብዙ እመቤቶች ይህን ባለማስተዋል እርሾ ይጨምሩበትና ዳቦው ይኮመጥጣል። መድኃኒቱ እርሾ መጨመር ሳይሆን ሊጡን ሸፍኖ ከምድጃው አጠገብ ለብ ባለ ስፍራ ማስቀመጥና መታገሥ ነው። ሊጡ ሁለት እጥፍ ያህል ሲያብጥ በኮባ ቅጠል ላይ ተደርጎ በጋለው ምጣድ ላይ ይቀመጣል፤ በአክንባሎ ተከድኖም አንድ ጊዜ እየተገለበጠ ይበስላል። የእንሴኖ እመቤት ኮባውን ከጓሮዋ ታገኛለችና በዚህ ረገድ ከአዲስ አበባዪቱ እመቤት ትበልጣለች። ቅጠሉ ዳቦው እንዳያር ይጠብቀዋል፤ መልካም መዓዛም ይሰጠዋል።

4ኛ፤ የዱባና የበቆሎ ታናናሽ ኬክ

የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ላላቸው ቤቶች ደግሞ በውጭ አገር በብርድ ወራት የሚወደደውን በስኒ መጠን የሚጋገር ኬክ ከአገራችን እህል ጋር አስማምቶ መሥራት ይቻላል።

170 ግራም የስንዴ ዱቄት፥ 80 ግራም የበቆሎ ዱቄት፥ 100 ግራም ስኳር፥ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ጥቂት ጨው በአንድ ሳሕን ይደባለቃል። በሌላ ሳሕን 2 ዕንቍላል ይመታል፤ ግማሽ ብርጭቆ ወተት፥ 80 ግራም የቀለጠ ለጋ ቅቤና 1 ብርጭቆ ተቀቅሎ የተፈጨ ዱባ ይጨመርበታል። ከዚያ ፈሳሹ በዱቄቱ ላይ ይፈስና በማንኪያ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይማሰላል። እንደ ዳቦ ሊጥ ቢታሽ ኬኩ ይጠነክራል፤ ዱቄቱ ረጥቦ ከጠፋ በቂ ነው። ቅቤ በተቀቡ 12 ታናናሽ ቅርጾች ላይ ተከፍሎ በ180 ዲግሪ ሙቀት ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይጋገራል። ቀጭን እንጨት ተወግቶበት ሊጥ ሳይዝ ሲወጣ በስሏል ማለት ነው።

ይህ ኬክ ርጥበት ስላለው እንደ ዳቦ ቆሎ አይሰነቅም፤ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ መበላት አለበት። ስለዚህ የሚቀመጠውንና የማይቀመጠውን ለይቶ ማወቅ የባልትና መጀመሪያ ነው።

ማስጠንቀቂያ

በብርድ ወራት ስለሚደርስ አደጋ አራት ነገር ማሳሰብ ይገባናል።

አንደኛ፤ የሻገተ በቆሎ ወይም የሻገተ ዱቄት ቢታጠብና ቢጋገርም አይድንም። አንዳንዱ ሻጋታ የሚያወጣው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በምጣድ ሙቀት አይጠፋም፤ ጉበትንም ይጎዳል። በቆሎው ከመከተቱ በፊት በሚገባ መድረቅ አለበት።

ሁለተኛ፤ ዳቦ ቆሎ ጠንካራና ታናሽ ስለ ሆነ ዕድሜው ከ4 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ደረቁን መስጠት አይገባም፤ ጕሮሮውን ሊያንቀው ይችላልና። ወቅጦ በወተት አርሶ ማብላት ይሻላል።

ሦስተኛ፤ በሚጋገርበት ሰዓት ብርድ ቢሆንም በሩ ይከፈት፤ ሕፃኑም በሌላ ሰው እጅ ከማጀቱ ርቆ ይቈይ።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከፋው ግን ይህ ነው። መጋገሩ ካለቀ በኋላ የተረፈው ፍም ያሳዝናል ተብሎ በከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት ይገባና በሩ ተዘግቶ ይተኛል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛውን ሰው ሳያስነቃ ይገድለዋል። ጢሱ ጠፍቷል ማለት አደጋው ጠፍቷል ማለት አይደለም። በብርድ ሌሊት በምሽት ደኅና ሆነው የተለያዩ ቤተ ሰቦች በማግስቱ ሞተው መገኘታቸው በአገራችን ብዙ ጊዜ የተሰማ ነው። ስለዚህ የተረፈው ፍም ደጅ ወጥቶ በውሃ ይጥፋ፤ ለሌሊቱ ብርድ መድኃኒቱ ብርድ ልብስና ጋቢ ነው።

መደምደሚያ

እንግዲህ አንዲት እመቤት በግንቦት መጨረሻ፥ ዝናቡ ሳይጠና፥ ማገዶው ደረቅ ሳለ፥ ጎረቤቷን ጠርታ አንድ ቀን ሙሉ ዳቦ ቆሎ ብታዘጋጅ፥ አንዷ ስታቦካ ሁለተኛዋ እየቈረጠች ሦስተኛዋ እያመሰች ሥራው ይቀላል፤ አንድ እሳትም ለሦስት ቤት ይሆናል። ሁለተኛውን ዙር ደግሞ በጥቅምት፥ ውርጩ ሳይመጣ፥ ልታደርገው ትችላለች። በዚህ አኳኋን የተሠራው ስንቅ በጣሳ ተደርጎ ወደ ወልቂጤም ሆነ ወደ አዲስ አበባ ለትምህርት ለሚሄደው ልጅ ይላካል፤ ለመስቀልም ሆነ ለዐረፋ ወደ አገሩ የሚገባው ነጋዴ ተመልሶ ሲሄድ ይይዘዋል፤ ሳይታሰብ ለሚመጣውም እንግዳ፥ ዝናቡ እየወረደ እርጥብ እንጨት ሲነፋ ሳይቈይ፥ ወዲያው ከቡናው ጋር ይቀርብለታል።

በአገራችን ለእንግዳ ምግብ ሲቀርብ ቤት ያፈራውን ቅመሱ ይባላል። ይህ ቃል ትሕትና ብቻ አይደለም፤ ቤቱ አስቀድሞ አስቦ አዘጋጅቷል የሚል ክብርም አለበት። ክብሩ ፍጹም የሚሆነው ግን ቍርሱን የጋገረችው እመቤት በጢስ ዐይኗ ሳይቀላ፥ ሳል ሳያስጨንቃት፥ ከእንግዶቿ ጋር ተቀምጣ ከቡናው በኵር የቀመሰች እንደ ሆነ ነው። የቤት ጌቶችም ደረቁን እንጨት በጊዜው በማቅረብ ይህን ክብር እንዲያሟሉላት እናሳስባለን።